የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ ለጓሳው ጉዞ ሌንስን ከአቧራ መጠበቅ

ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ናችሁ? በመንዝ ደጋ ወዳለው ጓሳ ለምናደርገው የፎቶ ጉዞ ለፎቶ ማኅበራችን የምናቀርበውን ሐሳብ እስከ ዓርብ እንጨርሰው። እኔ የምለው፣ በማኅበሩ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ሌንስ ዩቪ ፊልተር፣ ማለትም ከሌንሱ ፊት የሚገጠም መከላከያ መስታወት፣ ይገዛ። ከተቧጨረም ፊልተሩ ይቧጨር። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ከመሐል ሜዳ፦
ፊልተሩ አልተዋጠልኝም። ባለፈው ታኅሣሥ ገበሬዎቹ ገብስ በመንሽ ሲያዘሩ ውድማ ዳር ቆሜ ሌንስ ቀየርኩ፣ ነፋሱ ዞረና እብቁን ከነአቧራው አለበሰኝ። ማታ ያነሳሁትን ሳየው በኤፍ 16፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ያነሳሁት ሰማይ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ነው። ያ ብናኝ የተቀመጠው ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ነዋ! ፊልተር እዚያ ምን ይሠራል? የፊት መስታወቱ ላይ ያለች ትንሽ አቧራ ፀሐይ ፊት ለፊት ካልመጣችባት ብዙም አትታይም። ስለዚህ «ሜዳ ላይ ሌንስ አይቀየርም» እንበል። ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ፣ አንዱ ሩቁን የሚያቀርበውን ረጅም ሌንስ ለቀይ ቀበሮው፣ ሌላው ሰፊ ቦታ የሚያሳየውን ለገደሉ ይያዝ።

ከሸዋ ሮቢት፦
ጓደኛዬ ቀበሮ ሲያነሳ እኔ ገደል ሳይ ልዋል? መቀየሬማ አይቀርም። መኪና ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ካሜራው ጠፍቶ፣ ሌንስ የሚገጠምበት አፉ ቁልቁል ተደፍቶ ይቀየር በሉ። ደግሞ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ብርድ የጠጣ ካሜራ እኛ ቆላ ሲወርድ ያልበዋል፣ ላቡ ላይ አቧራ ሲያርፍበት ጭቃ ነው። ከመውረዳችን በፊት ፌስታል ውስጥ ይታሰር፣ ሙቀቱን እስኪለምድ አይፈታ።

ከአንኮበር፦
የፌስታሉን ወድጄዋለሁ። ግን ስለ አጠራረጉ ማንም አላነሳም። በነጠላ ጫፍ ሌንስ የሚጠርግ አባል አለን፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። አሸዋ ያለበትን መስታወት በደረቁ ስትፈትጉት ሽፋኑን ይቧጭራል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይነፋ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ መጨረሻ፤ ፈሳሹም ጨርቁ ላይ ጠብ ይደረግ እንጂ ሌንሱ ላይ አይፍሰስ። በአፍ እፍ ማለትም ይቅር፣ ምራቅ ነው የምትረጩበት።

ከደብረ ብርሃን፦
እሺ፣ ተረታሁ። ፊልተሩን ሰርዤዋለሁ፣ ውድማ የሚያነሳ በራሱ ኪስ ይግዛ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «ማኅበሩ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የጎማ መንፊያና አንድ የሌንስ ጨርቅ፣ ለየመኪናው አንድ ብሩሽና ፈሳሽ ይግዛ። ሌንስ የሚቀየረው በተዘጋ መኪና ውስጥ ብቻ ነው።» የፌስታሉንም ከሥሩ አስገባዋለሁ። መንፊያውን ከአዲስ አበባ ማን ያመጣልናል?

ከአንኮበር፦
እኔ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ብሩን ግን ቀድማችሁ ላኩ፣ ያለፈው የባትሪ ሒሳቤ እስካሁን አልተከፈለኝም።