የድሮውን የፖኬሞን ካርድ ሕግ ሳድስ ሚዛኑ ጠፋብኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፤ የምጽፈው ከደሴ ነው። በፈረንጆች 1999 በእንግሊዝኛ የወጣውን የመጀመሪያውን የፖኬሞን (ፖኬሞን የሚባሉ ምናባዊ ፍጡራን የሚፋለሙበት የካርድ ጨዋታ) ስብስብ፣ 102ቱን ካርድ፣ ሕጉን አድሼ ለታናናሾቼ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ለሽያጭ አይደለም፤ ለቤት ጨዋታ ነው።

ትርጉሙ አላስቸገረኝም። በድሮው ሕግ የአሠልጣኝ ካርድ (ተጫዋቹን የሚያግዝ፣ ራሱ የማይፋለም ካርድ) በአንድ ተራ የፈለጉትን ያህል ይጣላል። ከእነዚህ አንዱን፣ ፕሮፌሰር ኦክን፣ እንደ ዘመኑ ሕግ «በተራ አንድ ጊዜ» አልኩትና ተስተካከለ፤ በእጅ ያለውን ሁሉ አስጥሎ ሰባት አዲስ የሚያስመዝዝ ካርድ ሲደጋገም ጨዋታ ሳይሆን ዘረፋ ነው።

አልገራ ያለኝ ጉልበት ነጣቂው (Energy Removal) ነው፤ ፖኬሞን እንዲመታ የሚለጠፍበትን የጉልበት ካርድ ከተጋጣሚ ላይ አንድ የሚያስጥል የአሠልጣኝ ካርድ። ቻሪዛርድ የተባለው ፖኬሞን 100 ጉዳት ለማድረስ አራት ጉልበት ይፈልጋል፤ በአንድ ተራ የሚለጠፈው ግን አንድ ብቻ ነው። ትናንት ማታ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ከሰሉን ከበን ተቀምጠናል። ታናሼ ሦስተኛውን ለጥፎ ፈገግ ከማለቱ እህቱ አንዱን ነጠቀችው። በሚቀጥለው ተራም ደገመችው። በአንድ ጉልበት 20 የሚመታው የእሷ ስታርዩ ቻሪዛርዱን ቀስ እያለ ጨረሰው። ልጁ ካርዱን ጥሎ፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተኛ።

ነጣቂውን ጨርሼ ባወጣው የውሃው ፖኬሞን ብላስቶይዝ የውሃ ጉልበት ያለገደብ እየለጠፈ ብቻውን ይነግሣል። ታዲያ እንደ ኋለኛው ጉልበት አስጣይ ካርድ፣ ክራሺንግ ሀመር፣ በሳንቲም ዕጣ ላድርገው ወይስ በእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ካርድ ውስጥ ከአራት ወደ አንድ ልቀንሰው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የኮምቦልቻ ዘመዶቻችን ለበዓል ሊመጡ ነው፣ ልጆቹም ከወዲሁ እየተፎካከሩ ነው።