የደሙ ምክንያት ሳይጣራ የማረጥ መድኃኒት አይታዘዝም ተባልኩ፤ እስከዚያ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ እንቅልፍ ያጣችው

እህቶቼ፣ እንደምን ናችሁ? 53 ዓመቴ ነው። ወር አበባዬ ከተቋረጠ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆኖት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የውስጥ ልብሴ ላይ ትንሽ ደም አየሁ። ሁለት ቀን ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። "ደግሞ ተመልሶ መጣ እንዴ?" ብዬ ስቄ አለፍኩት።

እኔን ያስመረረኝ ሙቀቱ ነው። ቀን ሰው ፊት ተቀምጬ ሳለ እሳት የመሰለ ነገር ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን ይወረኛል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ በላብ ተጠምቄ እነሳለሁ። አንሶላ መቀየር ሰልችቶኝ ፎጣ አንጥፌ መተኛት ጀምሬአለሁ። ጠዋት ሥራ ስገባ የማውቀው ሰው ስም ይጠፋኛል። በትንሹም በትልቁም ሆድ ይብሰኛል።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስለ ሆርሞን ሕክምና በደንብ አወራን። ማዘዣውን ሊጽፍ እስክሪብቶ አንስቶ፣ "ከተቋረጠ በኋላ ደም አይተው ያውቃሉ?" አለኝ። አዎ አልኩት። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። የማህፀኔ የውስጥ ሽፋን 9 ሚሊ ሜትር ሆኗል፣ ፖሊፕ (ከሽፋኑ ላይ የበቀለ ትንሽ ሥጋ) ይመስላል፣ 3 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ማዮማም (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) አለች ተባልኩ። በካሜራ ታይቶ ናሙና እስኪወሰድ ሆርሞን የለም። ቀጠሮው ከ10 ሳምንት በኋላ ነበር፤ እሱም አንዴ ተላለፈ። ስለ ሙቀቱ ሐኪሜን ስጠይቀው "የማህፀን ሐኪሟ ትወስን" ይላል። እሷን ስጠይቃት "እኔ የያዝኩት ፖሊፑን ነው፤ ለሌላው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ" ትላለች። እንደ ኳስ እየተቀባበሉኝ ነው።

መጠበቁ የግድ ነው? እስከዚያስ የሚወሰድ ነገር የለም? ማዮማዋስ ኋላ ሌላ ሰበብ ትሆንብኝ ይሆን? ጓደኛዬ የተረፋት የኤስትሮጅን ክኒን አላት፤ "እስከዚያ ውሰጂ" ትለኛለች። እውነቱን ልናገር፣ እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም።

የጓሮ አበባ

የኔ እህት፣ እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ፖሊፕ ነበር፤ ወጣ፤ ውጤቱም ንጹህ ሆነ። ክኒኑን ግን አትንኪው። እኔ ነክቼው ደሙ ባሰብኝ። ሐኪሟም ከፖሊፑ ይሁን ከክኒኑ መለየት አቃታት።

ቀጠሮውን በተመለከተ እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው። ደውዬ "መቼ ነው ተራዬ?" ማለቱን ተውኩና፣ "ወር አበባዬ ከተቋረጠ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ደም ፈሶኛል፤ ሽፋኑም ወፍሯል፤ ይህ በአስቸኳይ መዝገብ ነው ወይስ በተራ መዝገብ የተያዘው?" ብዬ ጠየቅኩ። ለካ ሐኪሜ የላከው የሪፈር ወረቀት ላይ የተጻፈው "ማዮማ" ብቻ ነው። ደሙ አልተጠቀሰም። ሐኪሜ ወረቀቱን አስተካክሎ ሲልከው ቀኑ ቀረበ። አንድ ሰው ከቀረም ደውሉልኝ ብዬ ስሜን አስመዘገብኩ። በአራተኛው ቀን ተደወለልኝ።

ጡረተኛዋ አዋላጅ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪምሽ እስክሪብቶውን ለምን እንዳስቀመጠ ልንገርሽ። ሊያጉላላሽ አይደለም።

ኤስትሮጅን የማህፀንን ሽፋን ያሳድጋል። ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻዋን ከወሰደች ሽፋኑ እየወፈረ ይሄዳል፤ የማህፀን ካንሰር ዕድሏም ይጨምራል። ስለዚህ ማህፀን ላላት ሁሌም ፕሮጄስትሮን ወይም የሱ ዘመድ የሆነ ሆርሞን ይታከልበታል። ጓደኛሽ ምናልባት ማህፀኗ የወጣ ይሆናል፤ ለእሷ ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃል። ላንቺ ግን የእሷ ክኒን ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ያውም አደገኛው ግማሽ።

ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለበት። አትደንግጪ። እንዲህ ደም ካዩ 10 ሴቶች 9ኙ ገደማ ካንሰር የለባቸውም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፖሊፕ ወይም የሳሳ ሽፋን ነው። ግን የቀረችው አንዷ ቶሎ ከተደረሰባት ብዙ ጊዜ በደንብ ትድናለች። በአልትራሳውንድ ሽፋኑ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ይረጋጋሉ። ያንቺ 9 ነው። ስለዚህ ናሙናው የግድ ነው። መዘግየቱ ግን የግድ አይደለም። "የጓሮ አበባ" ያለችሽን አድርጊ።

አንድ ነገር ጨምሪ። ሂስተሮስኮፒ የሚሉት የካሜራ ምርመራ ተራው ከራቀ፣ ናሙናው በቀጭን ቱቦ እዚያው ምርመራ ክፍል፣ ሳትተኚ፣ በደቂቃዎች ሊወሰድ ይችል እንደሆነ ጠይቂ። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም አለው፤ ቀድመሽ ማስታገሻ ውሰጂ። ፖሊፑን አያወጣም፤ ናሙናው ፖሊፑን ሊስትም ስለሚችል ካሜራው አይቀርም። ቢያንስ ግን ስለ ሽፋኑ ቀድሞ አንድ ነገር ይታወቃል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የዘገየው ሆርሞኑ ነው፤ ሕክምናው ሁሉ አይደለም። ይህን ሁለቱም ሐኪሞች ሊነግሩሽ ይገባ ነበር። ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ቬንላፋክሲንና ፓሮክሴቲን ለድብርት የሚሰጡ ናቸው፤ በትንሽ መጠን ግን ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ድብርት አለብሽ ማለታቸው አይደለምና ቅር እንዳይልሽ። ቬንላፋክሲን የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ በድንገትም አይቋረጥም። ጋባፔንቲን ማታ ሲወሰድ እንቅልፍ ያመጣል፤ እንዳንቺ ሌሊት ለሚሰቃዩ ይመቻል፤ ጠዋት ግን ሊያደነዝዝ ይችላል። ፌዞሊኔታንት የሚባል ሆርሞን ያልሆነ አዲስ መድኃኒትም አለ። አሜሪካ በ2023 የፈቀደችው ነው፤ አንጎል ውስጥ ሙቀትን የሚቆጣጠረው ቦታ ላይ ይሠራል፤ የጉበት ምርመራ ይፈልጋል። የትኛው እንደሚስማማሽ ሐኪምሽ ሌሎች መድኃኒቶችሽን አይቶ ይወስናል። እንደ ኤስትሮጅን ጠንካራ አይደሉም። ግን አራት ጊዜ የምትነሺው ሁለት ጊዜ ብትነሺ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪምሽን "ሆርሞን ስጠኝ" አትበይው። "ሆርሞን እስኪፈቀድ ድረስ ለሙቀቱና ለእንቅልፌ ምን ታዝልኛለህ?" በይው። ይህን ለመመለስ የማህፀን ሐኪሟን መጠበቅ የለበትም።

ማዮማ ያስመረራት

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ልናገር። ሐኪም መጠበቅ አለብሽ ስላለ ብቻ ዝም ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም። እኔን በማዮማ ሰበብ ሁለት ዓመት አስጠበቁኝ። "ሆርሞን ያሳድገዋል፣ መጀመሪያ ይውጣ" ተባልኩ። ኦፕሬሽኑ ዛሬ ነገ ሲባል ዕድሜዬ ሄደ። ኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ "ማዮማ ብቻውን ሆርሞን አይከለክልም፤ ትንሽ ሊያድግ ስለሚችል እየተከታተልን እንጀምራለን" አለችኝ። ከማረጥ በኋላ አብዛኛው ማዮማ እንዲያውም እየሟሸሸ ይሄዳል። የሚያስጨንቀው ካረጡ በኋላ ሆርሞን ሳይወሰድ ቶሎ ቶሎ የሚያድገው ነው።

የኔ ከጠያቂዋ ይለያል። እኔ ገና ወር አበባዬ አልተቋረጠም ነበር፤ ሲመጣ እንደ ጎርፍ ነው። ሙቀቱም ከዚያ ጋር ተደርቦ። መፍትሔው ሆርሞን ያለው ሉፕ ሆነ። ደሙን ቀነሰልኝ፤ የማህፀኑን ሽፋንም ስለሚጠብቅ ኤስትሮጅኑን በቆዳ የሚለጠፍ አድርገው ጨመሩልኝ። ሉፑ ለዚህ ሥራ 5 ዓመት ያገለግላል። ማዮማው የማህፀኑን ውስጥ ካጣመመው ግን ላይቀመጥ ይችላል፤ ያን በአልትራሳውንድ ያያሉ።

ሌላም አለ። ድካሜንና የልብ ምቴን ሁሉ በማረጥ አመካኝቼ ነበር። ደሜ ሲመረመር ብረት የሚባል የለም። ደም ማነስ ነበር። እንክብሉን ስወስድ ግማሹ ድካም ለቀቀኝ። ደም የሚበዛባችሁ ሁሉ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የብረት ክምችት) ይታይልን በሉ። ታይሮይድም እንደዚሁ፤ ላቡንና የልብ ምቱን ማረጥ አስመስሎ ያመጣዋል።

ጀምበር

እኔ ከተፈጥሮ የተሠራ ነው ብለው ብላክ ኮሆሽ የሚባል እንክብል ወስጄ ተሽሎኛል። ምንም ጉዳት የለውም። ለምን ኬሚካል ትወስዳለች?

ጡረተኛዋ አዋላጅ

ጀምበር፣ ስለተሻለሽ ደስ ይለኛል። ግን "ተፈጥሮ" ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በብላክ ኮሆሽ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል። የደሟ ምክንያት ላልተጣራ ሴት ደግሞ እንደ ሆርሞን ይሠራሉ የሚባሉ እንክብሎችን ከናሙናው በፊት አለመጀመሩ ይሻላል። የወሰደችም ካለች ለሐኪሟ ትንገር።

ባል ነኝ

ወንድ እዚህ ምን ይሠራል አትበሉኝ። ባለቤቴ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት ነበር። ሐኪም ፊት ስትቀመጥ "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ይሞቀኛል" ትላለች። ሌሊት እንዴት እንደምትሆን የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፍን፤ ስንት ጊዜ ተነሳች፣ ስንት ጊዜ ልብስ ቀየረች፣ ደም የታየበት ቀን። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያይ ድምፁ ተቀየረ። የአልትራሳውንዱን ውጤትም ኮፒ አድርገን ለሁለቱም ሐኪሞች ሰጠን። ለካ አንደኛው ጨርሶ አላየውም ነበር!

ሁለቴ የተወለደች

ለጠያቂዋ ሳይሆን ለሌሎች አንባቢዎች ነው የምጽፈው። እኔ በ41 ዓመቴ በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ምክንያት ማህፀኔም ሁለቱም እንቁልጢዎቼም (ኦቫሪ የሚባሉት) ወጡ። ከኦፕሬሽኑ በነቃሁ በቀናት ውስጥ ሙቀቱ ጀመረኝ። እኔም ጋ ሐኪሞቹ ተከራከሩ። አንዱ "ኢንዶሜትሪዮሲሱ ይመለስባታል፣ ሆርሞን አይሰጣት" ይላል፤ ሌላው "አጥንቷስ?" ይላል። ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ።

ከ45 ዓመት በፊት ላረጠች ሴት ሆርሞኑ ለሙቀቱ ብቻ አይደለም የሚሰጠው። አጥንትና ልብም ይጠብቃል። የሚከለክል ነገር ከሌለ ቢያንስ ማረጥ በተለምዶ እስከሚመጣበት ዕድሜ፣ 51 ገደማ፣ እንዲወሰድ ይመከራል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ላለባት ማህፀኗ ቢወጣም እንኳ ፕሮጄስትሮን ሊታከልላት ይችላል፤ የቀረ ቁራጭ ካለ እንዳይነሳ። እኔም በዚያ ነው ያለሁት። እንቁልጢ የሚያስወጣ ኦፕሬሽን ቀጠሮ የያዛችሁ፣ "ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሆርሞኑን ማን ነው የሚያዝልኝ?" ብላችሁ ሳትተኙ በፊት ጠይቁ። በኋላ ሲሆን ሁሉም የሌላው ሥራ ነው ይላል።

እንቅልፍ ያጣችው (ከ7 ሳምንት በኋላ)

እህቶቼ፣ ወንድማችንም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱን አስጠየቅኩ። እኔም ጋ እንደ "የጓሮ አበባ" ነው፤ ደሙ አልተጻፈም። ታርሞ ሲላክ ቀጠሮው ወደ 12 ቀን ቀረበ። ሐኪሜም እትዬ አዋላጅ እንዳሉኝ አድርጌ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና ማታ የሚወሰድ ጋባፔንቲን አዘዘልኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት እንደ ሰከረ ሰው ያንገዳግደኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተሻለ።

ፖሊፑ በካሜራው ወጣ። ሕመሙን ፈርቼ ነበር፤ ከጥርስ መነቀል አይብስም። ውጤቱን መጠበቁ ነበር የከበደኝ። ንጹህ ነው ተባልኩ። ማዮማዋ ባለችበት ትቆይ፣ በዓመት እናያታለን አሉ። አሁን ቆዳ ላይ የሚቀባ ኤስትሮጅን ጄልና ማታ ማታ 100 ሚሊ ግራም ፕሮጄስትሮን ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። ጋባፔንቲኑን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ትናንት ትንሽ ደም አየሁ። ያ ሁሉ መንገድ እንደገና ሊጀመር ነው ማለት ነው?

ጡረተኛዋ አዋላጅ

አይደለም፣ እህቴ። ሆርሞን ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ አንዳንዴም እስከ 6 ወር፣ ጠብታ ደም የተለመደ ነው። ቀኑንና መጠኑን ጻፊ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪምሽ አሳዪው። ከ6 ወር በኋላም ካላቆመ፣ ከቆመ በኋላ እንደገና ከጀመረ፣ ወይም እንደ ወር አበባ ከበዛ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ደውዪ። ፕሮጄስትሮኑን አንድም ማታ አትዝለዪ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚል መኝታ ላይ ስትወጪ ውሰጂው። ክኒኑንም ለጓደኛሽ መልሺላት።

እንቅልፍ ያጣችው

መለስኩላት። እስካሁን አኩርፋኛለች።