«የሚፈስ እሳት» እግሬ ላይ፦ ዱቄቱን ልቀባ ወይስ ልተው?

ቻይና፣ ናንጂንግ ከተማ ተማሪ ነኝ። ከአምስት ቀን በፊት በድንገት አንቀጠቀጠኝ፤ ትኩሳቴ 39 ገባ። ጠዋት ስነሳ ግራ ባቴ ቀልቶ አብጧል። ጠርዙ በእስክሪብቶ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ሐኪም ቤት ኤሪሲፔላስ (በባክቴሪያ የሚመጣ የቆዳ ኢንፌክሽን) ነው ብለው ፔኒሲሊን ጀመሩልኝ። ባክቴሪያው የገባው በእግር ጣቶቼ መሃል ባለው ስንጥቅ ነው አሉ። (ፈንገሱን ለወራት ችላ ብዬው ነበር።) ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ቅላቱ ግን አለ።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ክፍሉ ደግሞ «ዳን ዱ» ይለዋል፤ ቀይ መርዝ እንደማለት። እግር ላይ ሲወጣ «ሊዩ ሁዎ»፣ የሚፈስ እሳት ነው። እርጥበትና ሙቀት ወደ ታች ወርደው ነው አሉኝ። የበግ ሥጋና የባህር ምግብ ተከለከልኩ፤ በርበሬም ጭምር! «ጂን ኹዋንግ ሳን» የሚባል ቢጫ ዱቄትም ሰጡኝ፤ እርድ አለበት። በሻይ ውሃ ለውሼ ሁለት ቀን ቀባሁት። ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ደስ ይላል። ትናንት ማታ ግን ሁለት ቦታ ውሃ ቋጠረ፤ አንዱ ፈነዳ።

ፔኒሲሊኑን አላቋረጥኩም። ዱቄቱን የሰጠኝ ሐኪም እስከ ሰኞ የለም። ይህን ሕክምና የምታውቁ፣ ቁስሉን ትቼ ባልፈነዳው ቆዳ ላይ መቀባቴን ልቀጥል ወይስ ጭራሽ ላቁም?