የድሮ ግራይንደር ፊልትሮ የት ይታደስ? ከማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የሞከርኩት

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «የግራይንደሬ የዘይት ፊልትሮ ደርቆ ተጣብቋል፣ የት ላሠራው?» ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ወፍጮ ቤት ያላችሁ አትድከሙ፤ የማወራው ጤፍ ስለሚፈጨው ሳይሆን ብረት በድንጋይ እየፋቀ ስለሚያስተካክለው ማሽን ነው።

ደብረ ማርቆስ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለችኝ። ግራይንደሯን በጨረታ ነው የገዛኋት። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። ጠረጴዛዋ በሃይድሮሊክ፣ ማለት በዘይት ግፊት፣ ነው ወዲያ ወዲህ የሚለው። ስትመጣ ግን እንደ ደከመ በሬ መሃል ላይ ቆም ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይፈተለካል። ፓምፑም ያቃስታል።

ጥፋቱ ፊልትሮው ላይ ነበር። ይሄኛው ወረቀት የለውም። ስስ የብረት ክቦች ተደራርበዋል፣ በየመሃላቸው ደግሞ ስስ ሮንዴላ አለ። ስለዚህ በክብና በክብ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ይቀራል። ዘይቱ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይገባል፣ ቆሻሻው ውጭ ይቀራል። ከጎን የማይንቀሳቀሱ ስስ ምላጮች በየክፍተቱ ገብተዋል። ከላይ ያለውን እጀታ ስታዞሩት ክቦቹ አብረው ይዞራሉ፣ ምላጮቹ ቆሻሻውን ፍቀው ወደ ታች ይጥሉታል። እንግሊዞቹ አውቶ ክሊን፣ አሜሪካኖቹ ኩኖ የሚሉት ይሄን ነው። ድሮ በአውሮፕላን ሞተር ላይ ሳይቀር ይገጠም ነበር። ራሱን ያጸዳል ይባላል እንጂ የሚያጸዳው እጀታውን የሚያዞር ሰው ሲኖር ነው። የኔን ስንት ዓመት ማንም እንዳልነካው እግዜር ይወቅ።

መጀመሪያ የሰማሁት ምክር «አውጥተህ ጣለው፣ የመኪና ፊልትሮ ግጠምበት» የሚል ነው። አትስሙ። የኔ ማሽን ላይ ፊልትሮው ከፓምፑ በፊት ነው ያለው። እዚያ ላይ ደቃቅ ወረቀት ስትገጥሙ ፓምፑ ዘይት ለመሳብ ይታነቃል፣ አየር ይቀላቅላል፣ ከዚያ የሚበላው ራሱን ነው።

ቀጥዬ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ልጁ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት አዞረው። ቀጭ አለ። ሁለት ምላጭ ተጣመመ፣ እጀታውም ላላ። ሒሳቡን ግን አልረሳም።

ከዚያ ነው ባሕር ዳር የሄድኩት። እዚያ በ1950ዎቹ የተከፈቱት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ብዙ የማሽን ሰው አፍርተዋል፤ ጡረታ ወጥተው እቤታቸው የሚሠሩ አባቶች አሉ። አንዱ ጋ ሰው ይዞኝ ገባ። ፊልትሮውን አገላብጠው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው» አሉኝ። የቡና ጣሳ ውስጥ ነጭ ጋዝ ሞልተው ዘፈዘፉትና ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስ አሉኝ። ስመለስ የጣሳው ሥር እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። እጀታውን በሁለት ጣት ያዙት። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። ዞረ!

የተጣመሙትን ምላጮች ለማቃናት ክቦቹን መፍታት ነበረባቸው። እያንዳንዱን ክብና ሮንዴላ በወጣበት ቅደም ተከተል እንደ መቁጠሪያ ሽቦ ላይ ሰኩት። ይሄን አትርሱ፤ ተራው ከተዛባ ምላጮቹ ክፍተታቸውን አያገኙም። ካልተጣመመባችሁ ደግሞ ጭራሽ አትፍቱት።

መዘፍዘፊያውን በተመለከተ፣ ነጭ ጋዝ አንደኛ ነው። ናፍጣም ይሠራል፣ ቀኑ ይረዝማል እንጂ። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ እሳቱም ያስፈራል። ቲነር የደረቀውን ዘይት በደንብ ይበላል፣ ግን ጎማውን አብሮ ይበላል፤ መጀመሪያ ጎማ አውጡ። ኮስቲክ ሶዳ የሚሉ አሉ። አካሉ አሉሚኒየም ከሆነ ይቦረቡረዋል፣ ይቅርባችሁ። የሽቦ ብሩሽም አያስፈልግም፣ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው።

እጀታው ከሚወጣበት ቀዳዳ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። እኛ ሰፈር ለዚህ መድኃኒቱ ከመነዳሪ ቆርጦ መግጠም ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የጎማ ከመነዳሪ ከዘይት ጋር አይስማማም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከወር በኋላ እንደ ማስቲካ ሆኖ አወጣሁት። ዘይት የሚችል ኦሪንግ፣ ክቧን የጎማ ማሸጊያ፣ ግዙ፤ ሻጩን «ናይትራይል ነው?» በሉት፤ ዘይት የሚችለው ጎማ ስሙ ነው። የተለመደው ልክ ማርቆስም ባሕር ዳርም መለዋወጫ ቤት ይገኛል። እንግዳ ልክ ከሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚመላለስ ሹፌር አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ላኩ። ለአንድ ኦሪንግ ብሎ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ ሞኝነት ነው። ዋጋው ከአንድ ምሳ ያንሳል።

ገንዘባችሁን ዘይቱ ላይ አውጡት። የኔ ላይ የነበረው የሞተር ዘይት 40 ነው። የማርቆስን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እንደ ማር ይረጋል። የሞተር ዘይት ደግሞ ቆሻሻውን ይዞ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ እዚህ የምንፈልገው እንዲዘቅጥ ነው። የማሽናችሁን ታርጋ አንብቡ። የኔ 32 ቁጥር ሃይድሮሊክ ነው የሚለው። ሼል ቴለስ 32፣ ቶታል አዞላ 32 ወይም ሞቢል ዲቲኢ 24 ብታገኙ ውፍረታቸው አንድ ነው። ያገኛችሁትን ግዙ፣ ግን አትቀላቅሉ። ከመሙላታችሁ በፊት ጋኑን አጽዱ። እኔ ከጋኑ ሥር በማንኪያ ነው ጭቃ ያወጣሁት።

ለላላው እጀታ አዲስ ቡሽ፣ እጀታው ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት፣ አስፈልጎኝ ነበር። ያሠራሁት ትልቅ ማሽን ያለው ቤት አይደለም። አሮጌውን ተቀብሎ በካሊፐር ሦስት ቦታ የለካው ልጅ ጋ ነው። ቶርኖ ቤት ስትመርጡ ይሄን እዩ፤ ሳይለካ ዋጋ የሚጠራላችሁን እለፉት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ እጀታውን ሁለት ዙር አዞረዋለሁ። በየወሩ ማሽኗን አጥፍቼ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን እፈታለሁ። ባለፈው የወጣው ጭቃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።