የሽሪምፕ ጥቅልል በሩዝ ወረቀት፦ እየተጣበቀና እየተቀደደ አስቸገረኝ

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ሁለት ፓኬት የሩዝ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ያ ክብ፣ ስስ፣ ደረቅ ሆኖ እንደ ፕላስቲክ የሚንኳኳው ነው። እዚያ አንድ ቻይና ምግብ ቤት ውስጥ በእንፋሎት የበሰለ የሽሪምፕ ጥቅልል በልታ በጣም ወደደችው። «በዚህ ወረቀት ቶሎ ይሠራል አሉ፣ እንሞክረው» አለችኝ። ግማሽ ኪሎ የተላጠ በረዶ ሽሪምፕ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ሁለቴ ሞከርኩ። መጀመሪያ ወረቀቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ዘፈዘፍኩት። ሳነሳው እንደ ሙጫ እጄ ላይ ተጣበቀ፣ መዘርጋትም አልተቻለም። በሁለተኛው መጠቅለሉ ተሳካልኝ፤ ግን 15 ደቂቃ በእንፋሎት አቆይቼ ላነሳው ስል ሳህኑ ላይ ተቀዶ ቀረ። ሽሪምፑም ውሃ አቅርሮ፣ ሲታኘክ እንደ ጎማ ሆኗል።

የእንፋሎት ድስት የለኝም። ትልቅ ድስት ውስጥ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጬ፣ በላዩ ጠፍጣፋ ሳህን አድርጌ ነው የሠራሁት። ቅዳሜ ስድስት እንግዶች አሉብኝ። ሁለቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሽሪምፕ አይበሉም። የቀረኝ 300 ግራም ብቻ ስለሆነ ከእንግዲህ የማበላሸው የለኝም። እባካችሁ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1፣ ከአዳማ

እህቴ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ይህንን ምግብ እኔም ብዙ ጊዜ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። የገለጽሽው ድስት ይሠራል፣ እሱን አትቀይሪው።

መጀመሪያ ነገሩን ልንገርሽ። እህትሽ የበላችው የካንቶን ሰዎች ቾንግ ፈን የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። እሱ የሚሠራው ከሩዝ ዱቄት ሊጥ ነው። ሊጡ ትሪ ላይ ስስ ተደርጎ ይፈስና በእንፋሎት በስሎ ይጠቀለላል። አንቺ የያዝሽው ወረቀት ግን የቬትናሞች ነው። ቀድሞ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ የደረቀ ነው። ላዩ ላይ እንደ ሰሌን ጥለት ካየሽ ቀርከሃ ላይ የተሰጣበት ምልክት ነው። ስለዚህ አንቺ ወረቀቱን አታበስይውም፤ ታለሰልሽዋለሽ እንጂ። የሚበስለው ሽሪምፑ ብቻ ነው። 15 ደቂቃ የበዛው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ብቻ አስነኪው። ስታወጪው ገና ደረቅ ነው፣ አትደንግጪ። መክተፊያው ላይ ዘርግተሽ ሌላ አንድ የራሰ ወረቀት በላዩ ደርቢበት። እስከ አንድ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የያዘው ውሃ ራሱ ያለሰልሰዋል። ድርብ ማድረጉን አትዝለይው። አንድ ነጠላ ወረቀት እንፋሎቱን አይችልም፣ የቾንግ ፈኑም ልስላሴ የሚመጣው ከሁለቱ ነው።

ሽሪምፑ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። በረዶው በደንብ ሳይለቅ ወይም ሳይደርቅ ጠቅልለሽዋል ብዬ እገምታለሁ። ዓርብ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አውርጂው፣ እስከ ጠዋት ይለቃል። ከረሳሽ ላስቲኩን እንዳሰርሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ካለ በቢላ ጫፍ ሰንጥቀሽ አውጪ፤ አንጀቱ ነው። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ ውሃውን ምጠጪው። እዚህ ላይ አትቸኩይ። ለ300 ግራም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ትንሽ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች አሽተሽ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ስታርቹ የሽሪምፑን ውሃ ይይዘዋል።

በአንድ ጥቅልል ሦስት መካከለኛ ሽሪምፕ በመደዳ ደርድሪ። ግራና ቀኙን አጥፈሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ጠቅልይ፤ ግን አታጥብቂው። ስምንት ጥቅልል ይወጣሻል፤ ሽሪምፕ ለሚበሉት አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ማለት ነው። 16 ወረቀት አዘጋጂ።

ውሃው በደንብ ሳይፈላ ሳህኑን አታስገቢ። የኛ ከተሞች ከፍታ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ላሉ አገሮች 5 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈው ለኛ 7 ደቂቃ ይሆናል። ሽሪምፑ በወረቀቱ ውስጥ ሮዝ ሆኖ ከታየሽና እንደ ማጭድ ጎበጥ ካለ ደርሷል። እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ አልፎበታል።

አሁን ዋናው፦ እሳቱን አጥፍተሽ ሳህኑን አውጪና 3 ደቂቃ ምንም አትንኪው። ትኩስ ሲሆን ወረቀቱ ሙጫ ነው። በረድ ሲል ይጠነክራል። የተቀደደብሽ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መልስ 2፣ ከሐዋሳ

ወንድማችን ሁሉንም ጨርሶታል፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ተቀምጠሽ ስለ ሳህን ለምን ትጨነቂያለሽ? የኮባ ቅጠል ገበያ ላይ አለ። የእንፋሎት ዳቦ የምንጋግርበትን አስቢው። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፣ ይለሰልስና አይሰነጠቅም። በሳህኑ ልክ ቆርጠሽ ዘይት ቀቢውና ጥቅልሎቹን በላዩ ደርድሪ። አይጣበቅም፣ ሽታውም ደስ ይላል። የድስቱን ክዳን ደግሞ በንጹህ ፎጣ ጠቅልይው፤ አለበለዚያ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ጥቅልሉን ያበላሸዋል። የፎጣውን ጫፎች ወደ ላይ እሰሪያቸው፣ እሳት እንዳይነካቸው።

መልስ 3፣ ከሐዋሳ

እኔ ሁልጊዜ በሙቅ ውሃ ነው የማርሰው፣ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም። ፓኬቱም ላይ እንደዚያ ይላል።

መልስ 1፣ በድጋሚ

ልክ ነሽ፣ ሳይበስል በጥሬ አትክልት ለሚበላው ጥቅልል ሙቅ ውሃ ጥሩ ነው። ያኔ ወረቀቱ ሌላ ውሃ አያገኝም። እዚህ ግን ከእንፋሎቱም ውሃ ይጠጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ነው የሚሟሟው።

መልስ 4፣ ከሐዋሳ

ስለ ሁለቱ እንግዶችሽ ልናገር። እኔም ሽሪምፕ አልበላም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ስለሚል ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሁለቱም አለው። አምባዛ ግን ቅርፊት የለውም፤ እሱን ገዝተሽ እንዳታሳዝኛቸው። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ብትወርጂ የዕለቱን ቆሮሶ አጥንቱን አውጥተው ይሰጡሻል። እንደ ጣት ቁረጪውና ልክ እንደ ሽሪምፑ አዘጋጂው። ዓሣው ስስ ስለሆነ ውሃውን በጨርቅ ስትመጥጪ ቀስ በይ። እንግዶችሽ በዚያ ዕለት ጾም ካላቸው ግን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ያኔ እንጉዳይና ካሮት ይሻላል።

ደግሞ የነሱን በተለየ ሳህን፣ ከሽሪምፑ በፊት አብስይላቸው። ለእንግዳ ትልቅ ክብር ነው።

መልስ 5፣ ከአዳማ

ሌሎቹ አራት እንግዶችሽ በእርግጥ ሽሪምፕ በልተው የሚያውቁ መሆናቸውን ጠይቂ። አለርጂው ቀላል አይደለም፤ ከንፈርና ጉሮሮ የሚያሳብጥ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ቤት ነው።

መልስ 6፣ ከሐዋሳ

ማባያውስ? ለኔ አዋዜ የማይሄድበት ምግብ የለም። በትንሽ ዘይት ቀጠን አድርጊውና አቅርቢ።

መልስ 1፣ በድጋሚ

አዋዜን እወዳለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። የሽሪምፕ ጣዕም ለስላሳ፣ ጣፈጥ ያለ ነው። አዋዜ ከነካው የሚቀምሱት አዋዜውን ብቻ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 3 ሙቅ ውሃ፣ 1 ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት በቂ ነው። ስኳሩ እስኪሟሟ አማስይና ሊበላ ሲል አፍስሺበት። ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅጠል ከትፈሽ በትኚ። ሶያ ሶሱ ጨው ስላለው ሌላ ጨው አትጨምሪ። ማቃጠል የሚፈልግ ሚጥሚጣ በጎን ይቀርብለት።

ጠያቂ፣ እሑድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወጣልኝ!

ኮባውን አገኘሁ። ቆሮሶውን ጠዋት አሞራ ገደል ሄጄ ገዛሁ፣ የሁለቱን ቀድሜ አበሰልኩላቸው። አንዷ «ለኛ ብለሽ ለብቻ ሠራሽ?» ብላ አቀፈችኝ። ወረቀቱን ሦስት ሰከንድ ብቻ ሳስነካው በጣም ተጠራጠርኩ፤ ካርቶን የማጥፍ ነበር የመሰለኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ግን ለሰለሰ። ሰባት ደቂቃ አበሰልኩት፣ ሦስት ደቂቃ ጠበቅኩት፣ አንድም አልተቀደደም። እህቴ ሽሪምፑን ነክሳ «ይኸው፣ ይሄ ነው!» ስትል ድካሜ ሁሉ ጠፋ።

አንድ ያጠፋሁት አለ። የመጨረሻዎቹን አራት አጠጋግቼ ስለደረደርኳቸው እርስ በርስ ተጣበቁ። በመሃላቸው አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ሌላ የሚሞክር ይህን ይያዝልኝ። ሁለት ጥቅልል ተርፎ ፍሪጅ አስገብቼው ነበር፣ ዛሬ ግን ወረቀቱ ደርቋል። ይጣል ወይስ መላ አለው?

መልስ 2፣ በድጋሚ

እሰይ! አትጣዪው። ቶሎ ፍሪጅ ከገባ ችግር የለውም፣ ግን ዛሬውኑ ብዪው። መጥበሻ ላይ ትንሽ ዘይት አድርገሽ በመጠነኛ እሳት ሁለቱንም ፊት ጥበሺው፣ ውስጡ በደንብ እስኪግል። ውጩ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። እኔ ቤት ልጆቹ ከትኩሱ ይልቅ ይህንን ነው የሚሻሙት።