ለጾም ወራት የወተትና የፍራፍሬ ጭማቂ ሥራ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ምክረ ሐሳብ ለማዳበር የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አባላት፣ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ምክረ ሐሳብ ተመካክረን እንድናዘጋጅ ይህን ውይይት ከፍቻለሁ። መነሻችን በየዓመቱ የሚገጥመን ችግር ነው። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ያለው ገዢያችን አብዛኛው ጿሚ በመሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በጾመ ነቢያት፣ በፍልሰታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም የወተት ሽያጫችን ክፉኛ ይቀንሳል። ላሞቻችን ግን በጾም ወራትም ይታለባሉ፣ መኖም ይፈልጋሉ። የማቀዝቀዣ ክፍላችንና መኪናችንም ወጪያቸው ሳይቀንስ ያለ በቂ ሥራ ይቆማሉ።

ያቀረብኩት የመጀመሪያ ሐሳብ በጾም ወራት ከሸዋ ሮቢት ማንጎና ፓፓያ ገዝተን ጭማቂ እንድናዘጋጅ ነው። ቆላው ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ቁልቁል በዚያው በአንድ አስፋልት ላይ ይገኛል። አስተያየታችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከወተት አቅራቢ አባላት አንዷ

ወንድማችን ጸሐፊ፣ ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ዋናውን ጥያቄ ያለፈው ይመስለኛል። ጭማቂ ብንሸጥ የማቀዝቀዣው ክፍል ሥራ ያገኛል፤ እኔና ጎረቤቶቼ ጠዋትና ማታ የምናልበው ወተት ግን አሁንም ገዢ አያገኝም። ማኅበሩ የተቋቋመው ለአቅራቢው ገበያ ለማግኘት ስለሆነ፣ ምክረ ሐሳቡ ከጭማቂው በፊት ወተቱ በጾም ወራት የት እንደሚውል ሊናገር ይገባል።

መልሱም በእጃችን ነው። ከ20 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል ቅቤ ይወጣል፤ ከአሬራው ደግሞ አይብ ይሠራል። በዐቢይ ጾም የተናጠ ቅቤ በቅዝቃዜ ከተቀመጠ ለፋሲካ ይደርሳል፣ የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ቅቤ ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ የሚፈለግበት ነው። ዛሬ እያንዳንዳችን በየቤታችን በቅል እየናጥን፣ ገንዘብ ሲቸግረን ገና ጾሙ ሳይጋመስ በርካሽ እንሸጠዋለን። ማኅበሩ ክሬም መለያ መሣሪያ ገዝቶ ወተቱን ቢረከበን፣ ከዋጋውም ከፊሉን በርክክቡ ዕለት ከፍሎ ቀሪውን ከፋሲካ ሽያጭ በኋላ ቢያስረክበን፣ ይህ ብቻውን ብዙ ቤተሰብ ይታደጋል።

የጥራት ኮሚቴ አባል

እታችን ያነሱት ነጥብ የምክረ ሐሳቡ አንደኛ ክፍል ይሁን እላለሁ። ጭማቂውን በሚመለከት ግን በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው ነገር የዕቃው መለየት ነው። ወተት በነካው በርሜል፣ ቧንቧ ወይም መፍጫ የተዘጋጀ ጭማቂን ጿሚው አይቀበለውም፣ ላለመቀበሉም ሙሉ ምክንያት አለው። ታጥቧል ብለን ብናስረዳም በሕሊናው ላይ ልንጭንበት አይገባም። ስለዚህ የጭማቂው መፍጫ፣ ማጣሪያ፣ ጋን፣ ጠርሙስና የማጠቢያ ገንዳ ጭምር የብቻቸው ይሁኑ፤ ክፍሉም ቢያንስ በግድግዳ ይከፈል። የምንጋራው መኪናውን፣ የመብራቱን መስመርና በተለየ መደርደሪያ የተከፈለውን የማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ነው።

ጀርሞቹን ለመግደል ወተቱን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ማሞቅና ወዲያው ወደ 4 ዲግሪ ማውረድ በአነስተኛ ጣቢያ የሚቻል ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ቢፈላም ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይሆንም። ሆኖም ሙቀት የማያጠፋው ነገር አለ። ላሞቻችን የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ በእርጥበት ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ይፈጠርበታል፣ መርዙም ተለውጦ ወደ ወተቱ ያልፋል። ስለዚህ የመኖ መጋዘን ወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ እንዲልና ነፋስ እንዲያገኝ የሚጠይቅ አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ከፍራፍሬው ወገን ደግሞ አቮካዶን አናሽግ። ሲሞቅ ይመርራል፣ ሳይሞቅ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል፤ እሱ በየጁስ ቤቱ ትኩስ ተፈጭቶ ለሚጠጣው ይተው። ማንጎ በራሱ ኮምጠጥ ስለሚል ለማቆየት ይመቻል። ፓፓያ ግን አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ሎሚ ሊጨመርበት ያስፈልጋል።

የትምህርትና ሥልጠና ኮሚቴ አባል

አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ጭማቂውን ስናስተዋውቅ በወተት ምትክ የሚሰጥ ምግብ አስመስለን አንናገር፤ በፕሮቲንም በካልሲየምም አይተካውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ልንቀንሰው ከሚገባን ስኳር ጋር ስለሚቆጥረው፣ እኛ ተጨማሪ ስኳር ላለመጨመር በጽሑፍ ቃል እንግባ።

የሒሳብ ኮሚቴ አባል

ከላይ የተባሉትን እደግፋለሁ። ሙከራውን በፍልሰታ እንጀምር የሚል ሐሳብ በቃል ሰምቻለሁ፤ 15 ቀን ብቻ በመሆኑ ኪሳራው ትንሽ ይሆናል የሚል ይመስለኛል። ነገር ግን በነሐሴ ዝናብና ጉም በደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ጭማቂ ማን ይጠጣል? በታኅሣሥም ውርጩ አለ። የዐቢይ ጾም ሁለተኛ አጋማሽ ፀሐይ የሚበረታበትና ለፋሲካ ቅቤ የምናከማችበት ወቅት በመሆኑ፣ ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ለመመዘን ይሻላል። ገዢዎቻችን በመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ቢሆኑ ማከፋፈሉ አያስቸግርም። የቅቤውና የጭማቂው ሒሳብ በተለያየ መዝገብ ይያዝ፤ አንዱ ቢከስር ሌላው እየሸፈነው ጉድለቱ ሳይታወቅ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

በተሰጠው አስተያየት መሠረት የረቂቁን ቅደም ተከተል ቀይሬዋለሁ። የተሻሻለው የመግቢያ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ በዐቢይ ጾም ከአባላቱ የሚረከበውን ወተት ወደ ቅቤና አይብ ይለውጣል፤ ለአቅራቢውም ከፊሉን በርክክብ ዕለት፣ ቀሪውን ከፋሲካ ሽያጭ በኋላ ይከፍላል። በጾሙ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ወተት ባልነካው ዕቃና በተለየ ክፍል፣ ስኳር ያልተጨመረበት የማንጎና የፓፓያ ጭማቂ በሙከራ ያዘጋጃል፤ ገቢውም በቅድሚያ ለማቀዝቀዣውና ለመኪናው ወጪ ይውላል።»

የመኖ መጋዘኑ ጉዳይ በጥራት ኮሚቴው ቃል እንዳለ ገብቷል። በርክክብ ዕለት የሚከፈለው ድርሻ ስንት ይሁን የሚለው ገና አልተወሰነም፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ፣ አቅራቢ አባላት ግማሽና ሁለት ሦስተኛ በሚሉት ሁለት አማራጮች ላይ ምክንያታችሁን ከጉባኤው በፊት እዚሁ እንድታሰፍሩ እጠይቃለሁ። የክሬም መለያውን ዋጋ ደግሞ የሒሳብ ኮሚቴው ቢያንስ ከሦስት ሻጮች አጠይቆ ያቀርባል።