አማቴን ሳላስቀይም ልጄን እንዴት ላትርፍ?

የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ሴት ልጅ ከወለድኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ሲሆን፣ ሊያርሱኝ ከገጠር የመጡት አማቴ በስምንተኛው ቀን ልጄን ለማስገረዝ ገራዧን እንደቀጠሩ ትናንት ገንፎ እያበሉኝ ነገሩኝ። አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሌሊቱን ሙሉ ልጄን አቅፈው የሚያድሩት እሳቸው ናቸው፤ ችግሬም ይኸው ነው።

"ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ ትሰብራለች፣ ባልም አታገኝ" ይላሉ። ሃይማኖት ያዘዘው ነገር እንደሆነም ያምናሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሴት ልጅን ግርዛት የትም ቦታ አያዝም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን፣ ኋላም በወሊድ ጊዜ ጉዳት እንደሚያስከትል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565ም ከ3 ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንደሚቀጣ ባስረዳቸው፣ "እኛስ ተገርዘን አልወለድንም?" ብለው ዘጉኝ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 65 ከመቶዎቹ የተገረዙ ናቸውና (እኔም አንዷ ነኝ) ነገሩ ለእሳቸው እንግዳ አይደለም።

ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ እየገባ "ከእናቴ ጋር አታጣይኝ" ይለኛል። ለፖሊስ ባመለክት ቤቴ እንዳይፈርስ እሰጋለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ንግግሩን በምን ቃል ጀመራችሁት? አስቀድመው የንስሐ አባታቸው ቢያናግሯቸው ይሻላል ወይስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ? ስምንተኛው ቀን ቢያልፍስ፣ ክርስትናዋ እስኪደርስ ባሉት ቀናት ልጄን ለእሳቸው ትቼ መውጣት እችላለሁን?